ብየዳው ይረፍ

ሰውየውን አካባቢው ሁሉ የሚያውቀው «ድስት ከፋቹ» ብሎ ነው። ወጥ ሠርቶ አያውቅም፤ እንቁላል ሲጠብስ እንኳ የሚታዘነው ለመጥበሻው ነው። ስሙ የመጣው ከሥራው ነው። አውቶማቲክ መኪና ሆድ ውስጥ፣ ሞተሩና ካምቢዮው መሃል፣ ክዳኑ ዙሪያውን የተበየደ ድስት የመሰለ ብረት አለ። ኮንቨርተር ይባላል። ሌላው መካኒክ እሱ ጋ ሲደርስ «ይሄ አይከፈትም፤ ሌላ ይገዛ» ብሎ እጁን ይጠርጋል። ድስት ከፋቹ ግን ብረት እያሽከረከረ በሚልጠው ቶርኖ ላይ ያስረውና የብየዳውን መስመር እየተከተለ እንደ ብርቱካን ልጦ ይከፍተዋል። ያመመውን ያክማል፣ መልሶ ይበይደዋል።

አንዴ ከተበየደ በኋላ ውስጡን የሚያይ የለም። ባለመኪናው የሚያምነው የድስት ከፋቹን አፍ ብቻ ነው፤ «ዳነች» ካለ ዳነች፣ «ትቆይ» ካለ ትቆያለች። ያ አፍ ደግሞ ዋሽቶ አያውቅም። ብዙም ስለማይከፈት ይሆናል።

የሚኖረው ከጋራዡ ጀርባ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አልጋ፣ የልብስ ሳጥን፣ መስኮት ላይ የተደገፈች መስታወትና አንድ ወንበር። ወንበሮቹ ሁለት ነበሩ። ሁለተኛው ላይ የሚቀመጥ ሰው ሲጠፋ ወደ ሥራ ቦታ ወሰደውና የዘይት ማንቆርቆሪያ አስቀመጠበት። ወጣት ሳለ አጭቶ ነበር። ልጅቷ በመጣች ቁጥር መኪና ሥር ተጋድሞ ታገኘዋለች። አንድ ቀን «ስማ፣ እኔ እግርህን ነው የማገባው?» ብላ ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ከዚያ እናቱ ታመሙ፣ እሳቸውን ሲያስታምም ጊዜው ነጎደ፣ በመጨረሻ እናቱም ሄዱ። የቀረችው እህቱ ናት፣ እሷም ሩቅ ነው ያለችው። እሁድ እሁድ ትደውላለች።

«በላህ?»

«በላሁ።»

«ምን በላህ?»

«ምግብ።»

«አላመመህም?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«በል እሺ፣ ልጆቹ እየጮሁብኝ ነው።»

ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ጆሮው ላይ ትንሽ ያቆየዋል።

ደንበኛ ሞልቶታል፤ እንግዳ ግን የለውም። ሰው መኪናውን ያቆማል፣ ቁልፉን ይወረውርለታል፣ «መቼ ልምጣ?» ይላል፣ ይሄዳል። ግቢውን የሚጋራው መኪና ቀቢው ነው፤ ቅንድቡ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ብርማ የሆነ፣ አፉ ግን ሁሌም አንድ ዓይነት የሆነ ቀልደኛ። ቀቢው ሲቀልድ ድስት ከፋቹ ጭንቅላቱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ቶርኖው ይመለሳል።

አንድ ሰኞ አንዲት ሴት አሮጌ ሚኒባስ እየነዳች ገባች። ትምህርት ቤት ተማሪ የምታመላልስ ሹፌር ናት። የመኪናዋ ወንበሮች ላይ የፓስታ ያህል የቀጠኑ የክሬዮን መስመሮች ተሞነጫጭረዋል፣ መስኮቱ ላይ የትንንሽ ጣት አሻራ አለ። ወርዳ በሩን በዳሌዋ ገጭ አድርጋ ዘጋችና የመኪናዋን ሕመም በአፏ ማስረዳት ያዘች።

«ስትነሳ ደህና ናት። ቀስ ስትልም ደህና ናት። ትንሽ ፈጠን ብላ ልትረጋጋ ስትል ግን እርርርርርር! ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የምነዳ ነው የሚመስለኝ። ልጆቹማ ወደዱት። ‹አክስት፣ ድገሚው!› ይሉኛል።»

ድስት ከፋቹ ነድቷት ዞሮ መጣ። የዘይቱን ዘንግ መዝዞ ጫፉን ነጭ ጨርቅ ላይ ጠረገው። ዘይቱ ጥቁር ነው። አሸተተው።

«አርሯል» አለ።

«ድስት ከፋች ሲሉዎት ሰምቼ ነበር፤ እውነትም የሚያወሩት የወጥ ነው» አለች ሴትዮዋ፤ ራሷ ሳቀች። ከዚያ ቁልፉን አልወረወረችለትም፤ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ደግሞም አልሄደችም። «እዚሁ ብቀመጥ ይከብድዎታል? መኪና የሌለው ሹፌር የት ይሄዳል?»

ማንቆርቆሪያውን ከወንበሩ ላይ አነሳላት። ወንበሩን በጨርቅ ጠረገው። ጨርቁ ከወንበሩ የባሰ ስለነበር እንደገና በእጅጌው ጠረገው።

ካምቢዮውን አውርዶ ኮንቨርተሩን ከአንገቱ ሲያወጣ፣ ቶርኖው ላይ አስሮ ሲልጥ፣ እሷ እንደ ቲያትር ተመልካች ቁጭ ብላ አየችው። ክዳኑ ሲለቅ ጭስ የሸተተ ዘይት ግልብጥ አለ። ሴትዮዋ ተነስታ አንገቷን አስገባች።

«አንተ! ይሄ ሁሉ ክንፍ ነው?»

አንተ አለችው። አስተውላም አይደለም፤ ከአፏ አምልጧት ነው። ድስት ከፋቹ ግን የያዘው የቡለን መፍቻ እግሩ ላይ ወደቀበት። ሕመሙን ዋጥ አደረገውና ማስረዳት ጀመረ። ይሄን ነገር ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ፣ ዓመታት የተጠራቀመው ወሬ ሁሉ አንዴ መጣ።

«ሁለት ቬንቲሌተር ፊት ለፊት አስቀምጪ። አንዱን ሶኬት ላይ ሰኪው፣ ሌላውን ተይው። የተሰካው ሲነፍስበት ያልተሰካውም መዞር ይጀምራል፤ አይደል? ይሄም እንደሱ ነው። በነፋሱ ፈንታ ዘይት ነው። ይሄኛው ከሞተሩ ጋር እየዞረ ዘይቱን ይወረውራል፤ ያኛው ይቀበልና ካምቢዮውን ያዞራል። አይነካኩም።»

«ሳይነካኩ?»

«ሳይነካኩ።»

«እንደኔና እንደ አከራዬ በለኛ! ፊት ለፊት ነው የምንኖረው፤ እሷ ስትጮህ እኔ እዞራለሁ።»

ድስት ከፋቹ ሳቀ። ቀቢው ሳቁን ሰምቶ ከግድግዳው ማዶ ጭንብሉን ከፍ አድርጎ አየ። ድምፁ ከመኪና የወጣ ነው የመሰለው።

«ፍጥነቷ ሲረጋ ግን» አለ ድስት ከፋቹ፣ የጠቆረውን ክብ እያሳያት፣ «ይሄ ፍሪሲዮን ይመጣና ሁለቱን ግጥም አድርጎ ያይዛቸዋል። ያኔ እኩል ይዞራሉ። ያንቺ ይሄው፣ ልባሱ ተቃጥሎ እንደ ጠርሙስ ለስልሷል። ሊይዝ ይልና ይንሸራተታል፤ ሊይዝ ይልና ይንሸራተታል። እርርርር የሚለው እሱ ነው።»

«ውይ፣ የኔ ምስኪን» አለች፣ ብረቱን በጣቷ እየነካች። ለብረቱ ነው ያለችው። ድስት ከፋቹም ለብረቱ መሆኑ አልጠፋውም።

ሥራውን ለመጨረስ ጊዜ አልወሰደበትም። የድሮውን ልባስ ልጦ አዲሱን በሙቀት አጣበቀ፤ ክንፎቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ እየነካካ የላላ እንደሌለ አየ። በሁለቱ መሃል ያለውን ክንፋም ክብ በአንድ በኩል ሲያዞረው ዞረ፣ በሌላ በኩል ሲያዞረው እምቢ አለ፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ኩሽኔታውን ቀየረ፣ በየደው፣ አየር ሞልቶ የውሃ በርሜል ውስጥ ነከረው። አንዲት አረፋ አልወጣችም። ዘይት አጠጥቶ ካምቢዮው ላይ ሲያስገባው ደግሞ በሁለት መዳፉ እያዞረ፣ እየገፋ፣ ጧ ብሎ እስኪቀመጥ፣ እንደገና ጧ፣ እንደገና ጧ እስኪል ጠበቀ። ኮንቨርተሩ ሳይቀመጥ ቸኩሎ ቡለን ያሰረ ሰው ፓምፑን ይሰብራል፤ እሱ ቸኩሎ አያውቅም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መኪናዋ መንገድ ላይ እንደ ሐር ሄደች።

መልሶ አቆማት፣ እጁን ታጠበ፣ ባዶው ወንበር ፊት ለፊት ቁጭ አለ። ነገ ትመጣለች። ቁልፉን ትቀበላለች። እሱ የሠራው ነገር ደግሞ ቶሎ አይበላሽም።

በማግስቱ ሴትዮዋ የምሳ ዕቃ አንጠልጥላ መጣች። ለካ ለሁለት ሰው ነው ያሰናዳችው፤ ማንኪያውም ሁለት ነው።

«እህስ? ታማሚዬ እንዴት አደረች?»

ድስት ከፋቹ «አልቋል» ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ሌላ ነው።

«ብየዳው ይረፍ።»

«ምን ይሁን?»

«ብየዳው። ካላረፈ… ይደክማል።»

እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ብየዳ አይደክምም፣ አያርፍም፣ ፈቃድም አይወጣም። ሴትዮዋ ግን ምን ታውቃለች? «ይረፋ! የደከመው ይረፍ» ብላ የምሳ ዕቃውን ከፈተች። ቀቢው ግን ከማዶ ሰምቷል። እሷ እንደሄደች ጫማውን አውልቆ በእግር ጣቱ እየረገጠ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ መጣ።

«እሽሽሽ! ጋሼ፣ ብየዳው እንቅልፍ ወሰደው? ስፕሬዬን ልዝጋ ወይ? ድምፁ እንዳይቀሰቅሰው?»

«ሂድ ወደ ሥራህ።»

«እሺ ጋሼ። ትራስ ካስፈለገው ግን ይንገሩኝ።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ውሸት ውሸትን እየወለደ ሄደ። ብየዳው ሲያርፍ ዘይቱ «መላመድ» ነበረበት። ዘይቱ ሲላመድ ኩሽኔታው «መቀመጫውን መፈለግ» ነበረበት። መኪናዋ ያልተጨረሰች እንድትመስል የፊት ጎማዋን ፈቶ እንጨት ላይ አስደገፋት። ሁለተኛ ኩባያ ገዛ። ጢሙን ተላጨ፤ ቱታውን አጠበ። ቀቢው «ጋሼ፣ ሠርግ አለ እንዴ? እኔ እንኳ ብርማ ቀለም ተርፎኛል፣ ጫማዎን ልቀባልዎት?» አለው። ድስት ከፋቹ ጭንቅላቱን አልነቀነቀም። በዚያ ሰሞን ቀልዱ ሁሉ ጣመው።

እሷ ስትመጣ ወንበሩ ላይ ትቀመጥና ስለ ልጆቹ ታወራለች። አንዱ ኩርባ በመጣ ቁጥር የሚያስመልሰው ነው፤ ኩርባው ሳይደርስ ፌስታል ታቀብለዋለች። አንዷ ደግሞ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት «ለምን?» የምትል ናት። «‹አክስት፣ መብራቱ ለምን ቀይ ሆነ?› ‹እንድንቆም።› ‹ለምን እንቆማለን?› ‹ሌላው እንዲያልፍ።› ‹ለምን እኛ አናልፍም?› አንድ ቀን መብራቱን ጥሼ ላልፍ ነበር እኮ፣ መልስ አጥቼ!» ድስት ከፋቹ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። አክስት ይሏታል እንጂ የማንም አክስት አይደለችም። ባል ነበራት፣ የለም። ልጅ አልነበራትም። የተከራየችው ክፍል ውስጥ ሬድዮ ከፍታ ትወጣለች፤ ስትመለስ የሚያወራ ነገር ይቆያት ብላ።

ይሄን ሁሉ ስትነግረው ድስት ከፋቹ አንድ ነገር አልጠየቀም። አሁን ልጆቹን ማን እያመላለሳቸው ነው? አላለም። ሆን ብሎ አይደለም፤ ጨርሶ ወደ ሐሳቡ አልመጣም። ደስታ የረሳውን ሰው ሲያገኘው እንዲህ ነው፤ ከማን እንደመጣ አይጠየቅም።

አንድ ቀን ያለምሳ ዕቃ መጣች። ወንበሩ ላይ ሳይሆን ጫፉ ላይ ተቀመጠች። የሰጣትን ኩባያ በመዳፎቿ መሃል አሽከረከረች።

«አሞሻል?»

«ትናንት ትምህርት ቤት በር ላይ ሄጄ ቆሜ ነበር» አለች። «ናፍቀውኝ። ሲወጡ አዩኝና እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ከዚያ ሄደው እዚያኛው መኪና ውስጥ ገቡ። ሹፌሩን አጎት ነው የሚሉት። ለምን የምትለዋ ብቻ መጥታ፣ ‹አክስት፣ መኪናሽ ሞተች?› አለችኝ። ‹ታክማለች› አልኳት። ‹ለምን አትድንም?› አለችኝ።»

ኩባያውን ሳትጠጣ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«እናቶቹም ለመዱ። ‹ልጅ የለመደውን መኪና መቀያየር አይወድም› ይሉኛል። ልክ ናቸው። እኔም ብሆን እንደሱ ነው የምለው። ግን አየህ፣ ከነሱ ሌላ እኔን የሚጠራኝ ሰው የለም። ከነሱ በቀር ቀኑን ሙሉ ማንም ምንም አይለኝም።»

ድስት ከፋቹ ዞሮ እንጨት ላይ የተደገፈችውን መኪና አየ። እሷን እዚህ አጠገቡ ያስቀመጣት ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባው። ከሌላ ቦታ ነቅሎ አምጥቷታል። የራሱን ባዶ ክፍል ሊሞላ የሷን ሚኒባስ ባዶ አድርጎታል።

«ዛሬ ትወስጃታለሽ» አለ።

«ዛሬ? ኩሽኔታው መቀመጫውን አላገኘም አላልክም?»

«አግኝቷል።»

ጎማውን አምጥቶ ሰካ፣ ቡለኖቹን አጠበቀ፣ ክሪኩን አወረደ። ሁሉም ነገር ያለቀው እሷ ሻርፗን አስተካክላ እስክትነሳ ነው። ቀቢው መኪናዋ ስትወርድ አይቶ እጁን ወደ ሰማይ ሰቀለ።

«እልልል! ብየዳው ነቃ! እንኳን ደስ ያለሽ እትዬ! ካለፈው ረቡዕ በፊት ካለው ረቡዕ ጀምሮ ስንቀሰቅሰው ነበር እኮ!»

ሴትዮዋ አብራው ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። ቀቢውን አየች፣ ድስት ከፋቹን አየች። ቀቢው የሆነ ነገር እንደሰበረ ገባውና ጭንብሉን አውርዶ ወደ ማዶ ተመለሰ።

«ግባ» አለችው ድስት ከፋቹን። «መንገድ ላይ እንያት።»

ጎኗ ተቀመጠ። ነዳች። መኪናዋ ተነሳች፣ ፈጠነች፣ ረጋች፤ ምንም አላለችም። ከዚያ ሁሉ እርርርርር ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ የሚናገሩት ነገር ይኖራቸዋል።

«መቼ ነው ያለቀችው?»

«ረቡዕ።»

«የቱ ረቡዕ?»

«ቀቢው… እሱ ያለው።»

«ለምን አደረጉት?» አለች። እርስዎ ተመለሰ። ስታከብረው ነው የራቀችው።

ድስት ከፋቹ መዳፉን ጉልበቱ ላይ ፈተገ። ሊላት የፈለገው ነገር ኮንቨርተር ቢሆን ኖሮ እዚያው ከፍቶ ያሳያት ነበር። አፉ ግን ከመቼ ወዲህ ነው ይሄን ሥራ የሚያውቀው?

«ሄደሽ ትቀሪያለሽ ብዬ» አለ በመጨረሻ።

«ቢጠይቁኝ እኮ እመጣ ነበር» አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ። «መኪናዬ ደህና ሆና፣ ልጆቹን አድርሼ፣ ምሳ ይዤ እመጣ ነበር። ማን ከለከለኝ?»

ብትሰድበው ይቀለው ነበር።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ እየፈሰሱ ነበር። ወላጆች እዚህም እዚያም ቆመዋል። አዲሱ መኪና ከፊት ቆሟል፤ ሹፌሩ ወርዶ ቦርሳ ይቀበላል። ልጆቹ እሷን ሲያዩ «አክስት! አክስት!» አሉ፣ ሮጡ፣ አለፏት፣ አዲሱ መኪና ውስጥ ገቡ። አንዲት እናት ልጇን በእጇ ይዛ ወደ መስኮቱ ቀረበች።

«እንዴ፣ ተሠራችልሽ? ምነው እንዲህ ቆየች? እኛማ ነገሩን ተወችው ብለን። ልጆቹን ጣለቻቸው እያልን ስናማሽ ከረምን።»

ሴትዮዋ ዓይኗን ወደ መሪው መለሰች። ልታሳብቅበትም፣ ልትዋሽለትም አልፈለገችም። ድስት ከፋቹ በሩን ከፍቶ ወረደ። ዞሮ መጥቶ እናትየዋ ፊት ቆመ።

«እሷ አልተወቻቸውም» አለ። «መኪናዋ ያኔውኑ አልቃ ነበር። ‹አላለቀችም› ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው።»

«ዋሽተህ? ምን አገኝ ብለህ?»

«ሰው» አለ።

እናትየዋ አልገባትም። ጎኗ የቆመ አንድ አባት ግን ጆሮው ቆመ። ይሄ አባት ድስት ከፋቹን ያውቀዋል፤ የሱም መኪና እዚያ ተከፍታ ተዘግታለች። «እንግዲያው የኔንም ድስት ዝም ብለህ ነበራ የበየድከው!» አለ። ጮክ ብሎ ስለሆነ ሌሎቹም ዞሩ። ድስት ከፋቹ «ያንተስ ደህና ነበር» ሊል ነበር፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ እሱ «ደህና ነበር» ቢል ማን ያምነዋል? ተወው። ወሬው እሱ በእግሩ ከመድረሱ በፊት ጋራዡ እንደሚደርስ ያውቃል።

እናትየዋ ልጇን አየች፣ ሹፌሯን አየች። «በይ እኔ የኔዋን ከሰኞ ጀምሮ እሰጥሻለሁ» አለች። «የሌሎቹን አላውቅም።» ልጅቷ ለምን የምትለዋ ናት። «ለምን ሰኞ? ዛሬ አይሆንም?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ በሩን ከፍታ ገባች፤ ቅድም ድስት ከፋቹ የተቀመጠበት ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን አንጠለጠለች።

ሹፌሯ የልጅቷን ቀበቶ አሰረች። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ድስት ከፋቹን አየችው። ፊቷ የተቆጣ ሰው ፊት አይደለም፤ ሒሳቡን የጨረሰ ሰው ፊት ነው።

«እንግዲህ ከተበላሸች አመጣልዎታለሁ» አለች።

«አትበላሽም» አለ።

«አውቃለሁ» አለችና ማርሹን አስገባች።

ድስት ከፋቹ መኪናዋ ከመንገዱ ጫፍ እስክትታጠፍ ድረስ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላው ያ አባት ለሌሎቹ ድምፁን እያስመሰለ «ብየዳው ይረፍ አለ አሉ!» ሲል ሳቅ ተሰማ፤ ለካ የቀቢው ቀልድ ቀድሞ እዚህ ደርሷል። ድስት ከፋቹ እጁን ቱታው ኪስ ውስጥ ከቶ በመጣበት መንገድ መራመድ ጀመረ። ዕለቱ ሐሙስ ነው። እሁድ እህቱ እስክትደውል ድረስ የሚጠራው ሰው የለም።